የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የሰውነትን መከላከያ እንዴት ያናጋል?

ሆዱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሌሊት ትኩሳት ሲነሣበት አስታማሚው ይደነግጣል፤ ተረኛው ሐኪምም ብዙ ጊዜ ሌላ አንቲባዮቲክ ይጨምራል። ሁሉም ትኩሳቱን የሚረዳው በአንድ መንገድ ነው፦ ቁስሉ አመርቅዟል። በእነዚህ ሰዓታት ግን ይህ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ትኩሳቱ የመጣው ከጀርም ሳይሆን ሰውነቱ ለመቆረጡ፣ ለመነካካቱና ለመሰፋቱ ከሰጠው ምላሽ ነው። ይልቅ የሚያሳስበው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ያለው ነው፤ ያ ደግሞ የመጀመሪያው ትኩሳት በርዶ፣ ሕመምተኛው መቀመጥ ጀምሮ፣ ቤተሰቡም «ተመስገን» ማለት የጀመረበት ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምና በሰውነት ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያስቆጣዋል፣ በዚያው ሰዓትም ከበሽታ የሚጠብቀውን አቅም ያደክምበታል። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታዩትን አብዛኞቹን ችግሮች ለመረዳት እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ የሚያይ ሕክምና ወይ ያለ ምክንያት መድኃኒት ያበዛል፣ ወይ እውነተኛውን አደጋ ዘግይቶ ያገኘዋል።

ምላጩ ቆዳውን፣ ጡንቻውንና የሆድ ዕቃውን ሽፋን ሲያልፍ በርካታ ሕዋሳት ይቀደዱና በውስጣቸው የነበረው ነገር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከሚፈስሱት መካከል የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆነው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ይገኝበታል። ሚቶኮንድሪያ ከብዙ ዘመናት በፊት ከባክቴሪያ ዘር እንደ መጣ ሳይንቲስቶች የሚስማሙበት ስለሆነ፣ የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ፍሳሽ ሲያገኙት ወራሪ ጀርም እንዳገኙ ያህል ይነሣሉ። አንድም ባክቴሪያ ያልገባበት፣ እጅግ በንጽሕና የተሠራ ቀዶ ሕክምና ሰውነትን የሚያስቆጣው በዚህ ምክንያት ነው። በቦታው ያሉት ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳት መልእክተኛ ፕሮቲኖችን፣ ማለትም ሳይቶካይኖችን ይለቃሉ፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሳልፋሉ፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ።

ከሳይቶካይኖቹ ሁሉ ከቀዶ ሕክምና ጋር ጎልቶ የሚነሣው ኢንተርሊውኪን-6 ነው። ምላጩ ካረፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ መጨመር ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። መጠኑ የሚከተለው የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ስፋት ነው፤ ለትንሽ እበጥ ጥገና ጥቂት፣ አንጀት ተቆርጦ ለሚወጣበት ሰፊ ቀዶ ሕክምና ብዙ። ይኸው ፕሮቲን አንጎል ዘንድ ሲደርስ ትኩሳት ያስነሣል፣ ጉበት ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ሥራ ያስቀይራል። ጉበት በአዘቦት ቀን በብዛት የሚሠራውን አልቡሚን ቀንሶ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በሐኪሞች አጠራር ሲአርፒ፣ ማምረት ይጀምራል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በሊትር በታች የሆነው ሲአርፒ ከሰፊ የሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከ100 በላይ ሊደርስ ይችላል። የአልቡሚኑ መቀነስም «ሕመምተኛው ስላልበላ ነው» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ከፊሉ ከደም ሥር ወደ ውጭ አፈትልኮ፣ ከፊሉም ጉበት ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ ስላዞረ የመጣ ነው።

የሆርሞኖቹ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የታወቀ ነው። የግላስጎው ተመራማሪ ዴቪድ ከትበርትሰን አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን ሽንት እየለካ ሰውነት ከጉዳት በኋላ የራሱን ጡንቻ እንደሚያፈርስ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1942ም ይህን ሂደት መጀመሪያ የመቀዛቀዝ፣ ከዚያም የመፋጠን ምዕራፍ ብሎ ከፈለው። ዛሬ እንደምናውቀው ከቁስሉ የሚነሣው የነርቭ ምልክት አንጎልን ቀስቅሶ ኮርቲሶልና አድሬናሊን እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ ኢንሱሊን ሥራው ይዳከማል፣ የደም ስኳርም የስኳር በሽታ በሌለበት ሰው እንኳ ይጨምራል። ከፍ ያለ የደም ስኳር ደግሞ ኒውትሮፊሎች ባክቴሪያን የመግደል አቅማቸውን ስለሚቀንስ ቁጣው ራሱ ወደ ድካሙ መሸጋገሪያ መንገድ ይሆናል።

ድካሙ ምን ይመስላል? ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታዘዝ ተራ የደም ምርመራ ላይ ይታያል፤ ጠቅላላው የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ጨምሮ ሳለ ሊምፎሳይቶቹ ግን አንሰው ይገኛሉ። ወንዱ ሁሉ ለደቦ ወጥቶ ደጁ ያለ ጠባቂ እንደ ቀረ መንደር ነው፤ ግርግሩ ብዙ፣ ጥበቃው ትንሽ። ሞኖሳይት የተባሉት ሕዋሳት የያዙትን የጀርም ቁራጭ ለሊምፎሳይቶች የሚያሳዩበት ኤችኤልኤ-ዲአር የተሰኘ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ አለ፤ ይህ ፕሮቲን ከሰፊ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። ወደ ቦታው ቶሎ የማይመለስላቸው ሕመምተኞች በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በቫይረስ የተያዙና ወደ ካንሰር የተለወጡ ሕዋሳትን የሚያጠፉት ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳትም ለቀናት ይዳከማሉ። ቁጣው ከመጠን እንዳያልፍ የሚያረግበው ኢንተርሊውኪን-10 ከኮርቲሶል ጋር ሆኖ ይህን ድካም ያጠናክረዋል።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ሲማሩ የቆዩት ቁጣው መጀመሪያ፣ ድካሙ ቀጥሎ እንደሚመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በከባድ አደጋ በቆሰሉ ሰዎች የደም ሕዋሳት ላይ የተሠራ ሰፊ የዘረመል ጥናት ግን የሚያስቆጡትም የሚያደክሙትም ጂኖች ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ አብረው እንደሚቀየሩ አሳየ። ጥናቱ በአደጋ ጉዳተኞች ላይ ቢሠራም ለቀዶ ሕክምናም ትርጉም አለው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ከሆነ «ቁጣውን በመድኃኒት እናጥፋው» የሚለው ሐሳብ መጠንቀቅን ይጠይቃል፤ የተዳከመውን መከላከያ ይበልጥ ሊያዳክም ይችላልና።

እስካሁን የተባለው ለጉልበትም ለዳሌም ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ሆድን የሚለየው በውስጡ ያለው ነው። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ፔሪቶኒየም የተሰኘ ስስ ገበር ተዘርግቶ ቢለካ ስፋቱ ከጠቅላላው የሰውነት ቆዳ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በላዩም የራሱ የመከላከያ ሕዋሳት ይመላለሳሉ። አንጀት በበኩሉ በውስጡ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ የተሸከመ፣ በግድግዳው ደግሞ ከሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ታላቁን ድርሻ የያዘ አካል ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪም ሆድ ሲከፍት የሚነካው የመከላከያ ሥርዓቱን ትልቁን ሰፈር ነው።

በክፍሉ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነርሷ በየጠዋቱ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጋዝ ወጣልህ?» ሕመምተኛው ያፍራል፣ አጠገቡ ያለው አስታማሚ ፈገግ ይላል፤ ጥያቄው ግን አንጀቱ መንቀሳቀስ መጀመሩን የምታውቅበት ቀላሉ መንገድ ነው። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀት ለጊዜው ይቆማል። ትንሹ አንጀት በአንድ ቀን ገደማ፣ ጨጓራ በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ ትልቁ አንጀት ግን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለረጅም ዘመን ጥፋተኛው ሰመመኑ ነው ሲባል ነበር፤ የሕመም ማስታገሻዎቹ ሞርፊንና ትራማዶልም አንጀትን ማዘግየታቸው እውነት ነው። በእንስሳትና በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያሳዩት ግን ሌላም ምክንያት ነው። በአንጀት ጡንቻ መካከል በጸጥታ የሚኖሩ ማክሮፋጆች አሉ፤ አንጀቱ በእጅ ሲያዝ፣ ሲገለበጥና ሲጎተት ይቀሰቀሱና ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታግላንዲን ይለቃሉ፤ እነዚህም ጡንቻው እንዳይኮማተር ያደርጉታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተነካ አንጀት በነርቭ በኩል ሌላውንም ክፍል ያቆመዋል። ማለትም የሐኪሙ እጅ ርጋታ በቀጥታ ሕመምተኛው መቼ እንደሚበላ ይወስናል። እንዲህ ያለውን ነገር በዶክተር ችሎታ ማሞገሻ ብቻ ስንሰማው ኖረናል፤ ሕዋሳዊ ማስረጃ እንዳለው ሲታወቅ ግን ክብደቱ ይለያል።

ፔሪቶኒየምም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ሲላጥ ወይም ሲደርቅ በላዩ ላይ ፋይብሪን የተባለ አጣባቂ ፕሮቲን ይፈስስበታል። በጤናማ ሁኔታ ይህ ፋይብሪን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟሟል፤ ቁጣው ከበረታ ግን የሚያሟሟው ኢንዛይም ይቀንስና ፋይብሪኑ ወደ ጠባሳ ክር ይለወጣል። አንጀት ከአንጀት፣ ወይም አንጀት ከሆድ ግድግዳ የሚጣበቀው እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ መጣበቅ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ በመጠኑ ይገኛል፤ ከፊሎቹ ከዓመታት በኋላ አንጀታቸው ተዘግቶ ዳግመኛ ሆስፒታል የሚገቡትም በእርሱ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዱቄት የተነከሩ የሕክምና ጓንቶችን እ.ኤ.አ. በ2017 ከገበያ ያስወጣው ዱቄቱ ፔሪቶኒየምን ስለሚያስቆጣና መጣበቅን ስለሚያባብስም ጭምር ነው።

ታዲያ ቀዳዳው ሲያንስ ቁጣው ያንሳል? እ.ኤ.አ. በ1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሚዩ የሐሞት ከረጢትን በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መመልከቻ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ በላፓሮስኮፒ፣ ካወጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል። የሐሞት ከረጢትና የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በላፓሮስኮፒ ሲደረግ ኢንተርሊውኪን-6ም ሲአርፒም በሰፊው ሆድ ከሚከፈትበት ያነሱ ይሆናሉ፤ የሞኖሳይቶቹ ድካምም ይቀንሳል። ሕመምተኛው ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይበላል፣ የቁስል ኢንፌክሽኑም ያንሳል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ከሚገባው በላይ ይዘልላሉ። ቁጣው ስላነሰ የካንሰሩ ሕመምተኛ ዕድሜው ይረዝማል የሚለው ተስፋ በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ በተደረጉት ታላላቅ የንጽጽር ጥናቶች አልተረጋገጠም፤ የሁለቱ ዘዴዎች የረጅም ጊዜ ውጤት ተመሳሳይ ነበር። በደም ውስጥ ያለ ቁጥር መቀነሱና ሰው መዳኑ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደሉም።

ያም ሆኖ ቁጥሩ በአንድ ቦታ ላይ እጅግ ይጠቅማል። አንጀት ተቆርጦ ሲሰፋ የሚፈራው ስፌቱ ተከፍቶ የአንጀቱ ይዘት ወደ ሆድ መፍሰሱ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ገና ሳይታይ ሲአርፒ ይናገራል። በተለመደው ሂደት ሲአርፒ በሦስተኛው ቀን ገደማ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ከ172፣ በአራተኛው ከ124፣ በአምስተኛው ደግሞ ከ144 ሚሊግራም በሊትር በታች ከሆነ ስፌቱ እየፈሰሰ የመሆኑ ዕድል እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንታኔ አሳይቷል። ከፍ ማለቱ ብቻውን መፍሰሱን አያረጋግጥም፤ ምርመራውን የሚያስከብረው «አይደለም» ለማለት ያለው ብቃት ነው። ከሁሉ በላይ ሊጠረጠር የሚገባው ደግሞ ከወረደ በኋላ እንደገና የሚወጣ ሲአርፒ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልኬት ግን በከፊል የሚነግረን ቀዶ ሕክምና መደረጉን ነው፤ ያን ደግሞ ከቁስሉ እናውቀዋለን።

ይህ ሁሉ በታቀደ ቀዶ ሕክምና ላይ የተመሠረተ ሥዕል ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሚሠራው የሆድ ቀዶ ሕክምና ከፍተኛው ድርሻ ግን ድንገተኛ ነው፦ በምጥ መካከል የሚወሰን የወሊድ ቀዶ ሕክምና፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ የተጠማዘዘ ትልቅ አንጀት። ከገጠር ወረዳ ተነሥቶ በሪፈር ሁለት ተቋም አልፎ የመጣ፣ ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ ቀናት የሆነው ወጣት ምላጭ ሳይነካው በፊት ሰውነቱ ተቆጥቷል፣ ሊምፎሳይቱ ወርዷል፣ ፈሳሽ አንሶታል። ቀዶ ሕክምናው የሚጨምርበት ሁለተኛ ምት ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የመጀመሪያው ሌሊት ትኩሳት እንደ ታቀደው ቀዶ ሕክምና ሊናቅ አይገባም፤ የሲአርፒ መለኪያዎቹም እንዳሉ አይሠሩለትም፤ እርሱን የሚጠቅመው ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው።

ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። በ66 አገሮች ከ12,000 በላይ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት የቁስል ኢንፌክሽን በከፍተኛ የልማት ደረጃ ላይ ባሉ አገሮች 9.4 በመቶ፣ በመካከለኞቹ 14 በመቶ፣ በዝቅተኞቹ ደግሞ 23.2 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ለዚህ የተለመደው መልስ አንቲባዮቲክን ማርዘም ነው፤ በክፍሎቻችን ሴፍትሪያክሶን ለቀናት በደም ሥር ሲሰጥ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ግን የመከላከያ አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ግን ለመከላከል ተብሎ እንዳይራዘም ይመክራል። መግል ያለበት ሆድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ መከላከል ሳይሆን ሕክምና ነው። በቁጣ የመጣን ትኩሳት በአንቲባዮቲክ ማሳደድ ግን የሚያስገኘው መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ነው።

የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ ርካሽና አሰልቺ ነው። በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ በተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት የሆድ ቁስል ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መቀየር ብቻ ኢንፌክሽኑን ከ18.9 ወደ 16 በመቶ አውርዶታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተጀመረው፣ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት መርሐ ግብርም እጅ መታጠብን፣ የመሣሪያ ንጽሕናን፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓትንና የመሳሰሉትን በማስተካከል የኢንፌክሽን ሥጋትን በሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ሙቀትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ፣ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 200 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሰውነታቸው ከቀዘቀዘው 19 በመቶው፣ እንዲሞቁ ከተደረጉት ግን 6 በመቶው ብቻ በቁስል ኢንፌክሽን ተይዘዋል። ብርድ የቆዳን የደም ሥር ያጠብባል፤ ወደ ቁስሉ የሚደርሰው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ ኒውትሮፊሎች ደግሞ ባክቴሪያን የሚገድሉት ኦክሲጅንን ተጠቅመው ነው። እናቶቻችን የተሰፋ ሰው ብርድ እንዳይነካው ሲጠነቀቁ የኖሩበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም፣ ቢያንስ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ልክ ነበሩ።

ቁጣውን በመድኃኒት ስለ መቀነስ የተጠራቀመው ማስረጃ መሃል ላይ የቆመ ነው። ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጠው አንድ ጊዜ 8 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን፣ ኮርቲሶልን የመሰለ መድኃኒት፣ መከላከያውን ያዳክማል የሚል ሥጋት ነበር፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ግን የቁስል ኢንፌክሽንን እንደማይጨምር አሳይቷል፤ መድኃኒቱ በተሰጣቸው 8.1 በመቶ፣ ባልተሰጣቸው 9.1 በመቶ ነበር። በሌላ በኩል ዲክሎፊናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ከተሰፋ አንጀት መከፈት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ከዴንማርክ የወጡ ጥናቶች ስላመለከቱ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች አንጀት በተሰፋበት ሰው ላይ ይጠነቀቋቸዋል። ቁጣው ለስፌቱ መጋጠም ያስፈልጋልና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተከተለው መንገድ የተለየ ነው፤ አንዱን ሞለኪውል ከመውጋት ይልቅ ጭንቀቱን ከየአቅጣጫው መቀነስ። ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ እንዳያድር፣ ሰመመን ሊሰጠው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ንጹሕ ፈሳሽ እንዲጠጣ፣ ሕመሙ ከሞርፊን ይልቅ በሌሎች መድኃኒቶችና በነርቭ ማደንዘዣ እንዲታገስ፣ በማግስቱ ከአልጋው እንዲነሣ፣ ጋዝ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ቀስ በቀስ እንዲበላ። ከዚህ አብዛኛው የሚጠይቀው ውድ መሣሪያ ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ የሐኪሙን፣ የሰመመን ባለሙያውንና የነርሷን ስምምነት ነው። ቀጠን ያለ አጥሚት በማግስቱ መፍቀድ ወጪው ምን ያህል ነው?

አስቸጋሪው ክፍል ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለው ነው። የቁስል ኢንፌክሽን የሚቆጠረው እስከ 30 ቀን ነው፤ ከፊሉም የሚገለጠው ሰውየው አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲወጣ በግልጽ ሊነገረው የሚገባው «ትኩሳት ከመጣ ተመለስ» የሚለው ብቻ አይደለም። ከአራተኛው ቀን በኋላ አዲስ የሚነሣ ትኩሳት፣ እየቀነሰ ሄዶ እንደገና የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ ጋዝ መውጣት ከጀመረ በኋላ ዳግመኛ የሚነፋ ሆድ፣ ያለ ምክንያት የሚፈጥን የልብ ምት፣ በሽማግሌዎች ላይ ደግሞ ድንገተኛ መቃዠት፣ እነዚህ በዚያው ቀን መመለስን የሚጠይቁ ናቸው። መከላከያው በተዳከመበት ሰው፣ በተለይም በሸመገለ ወይም በተጎሳቆለ፣ ትኩሳቱ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል፤ የልብ ምቱ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይፈጥናል።